ስሙን ሸሽጎ ስም የሚሸጥ ሰው፤ ስለ ኢንተርኔት የስም ጨረታ የቀረበ ትችት

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ደብረ ማርቆስ በተመለስሁ ጊዜ አጎቴ አንድ ሥራ ሰጡኝ። እርሳቸው የማር ነጋዴ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማራቸውን በብልቃጥ እያሸጉ ወደ አዲስ አበባ መላክ ሲጀምሩ፤ ዘመኑ የሚጠይቀው ነው ተብለው ለንግዳቸው የኢንተርኔት ስም እንዲያወጡ ተመከሩ። ስሙን ያስመዘገበላቸው አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ወጣት ነው። እርሳቸው በብር ከፈሉት፤ እርሱም ውጭ አገር ባለ ዘመዱ ካርድ በዶላር ከፈለ። ስሙ በብልቃጡ ወረቀት ላይ ታተመ፤ በሱቁም በር ላይ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ስልኩን ለወጠ፤ የዓመቱም ክፍያ ሳይከፈል ቀረ። አጎቴ ነገሩን ያወቁት አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛቸው ደውሎ «የርስዎ ስም እኮ ለጨረታ ቀርቧል» ሲላቸው ነው። እኔም ገጹን ከፍቼ ባየሁት ጊዜ ስሙ፤ መነሻ ዋጋውና ጨረታው የሚዘጋበት ሰዓት ተጽፎ አገኘሁ። ሻጩ ማን እንደ ሆነ ግን አይታወቅም። በሻጩ ቦታ የተጻፈው ጥቂት ፊደልና ቍጥር ብቻ ነው።

«ልጄ፤ ተማርህ አይደለም? እስቲ ይህን የሚሸጠውን ሰው ፈልገህ አምጣልኝ» አሉኝ።

ሰውየውን አላገኘሁትም። ይሁን እንጂ ፍለጋው ብዙ ነገር ስላስተማረኝ፤ ያገኘሁትን ለጓደኞቼ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን በዚህ ጽሑፍ ላቀርብ አሰብሁ። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ዕቃውን ለጨረታ ያቀረበ ሰው ስሙን የመደበቅ መብት አለውን? ካለውስ ከማን ይደበቃል? እስከ መቼስ? ገና ከመጀመሪያው አሳቤን ለመግለጥ ያህል፤ እኔ የምተቸው መደበቁን ሳይሆን አደባበቁን ነው።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። የኢንተርኔት ስም፤ በተለምዶ ዶሜን የሚባለው፤ እንደ ቤት ወይም እንደ በሬ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያዝ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ኪራይ እንደሚከፈልበት ቦታ ያለ ነው። «ነጥብ ኮም» በሚል የሚያልቅ ስም ከመዝጋቢ ድርጅት በጥቂት ዶላር ለአንድ ዓመት ይያዛል፤ ክፍያው በየጊዜው ይታደሳል። ያልታደሰ ስም ባለቤቱ ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስመልስበት የ30 ቀን ጊዜ አለው፤ ከዚያም 5 ቀን ቆይቶ ይሰረዛል፤ ማንም ሊወስደው ይችላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እስከዚያ ድረስ አይጠበቅም። ብዙ መዝጋቢዎች ጊዜው ያለፈበትን ስም ራሳቸው ወደ ጨረታ ያወጡታል። የአገራችን መለያ የሆነው «ነጥብ ኢቲ» በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ስለሆነ ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ ሆኖም ነጋዴዎቻችን ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት «ነጥብ ኮም»ን ነው። ዶላር በቀላሉ ስለማይገኝም በሰው እጅ ያስመዘግባሉ። በመዝገቡ ላይ የሚገኘው የወኪሉ ስም ነው፤ ባለቤት ነኝ የሚለው ሰው ስም በየትም አይገኝም። የአጎቴ ችግር ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው፤ ይህን ግማሽ በማንም ላይ ላላክክ አልችልም።

እንግዲህ ከጨረታው ገጽ በስተጀርባ ያለው ሻጭ ማን ሊሆን ይችላል? ሦስት ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል። አንደኛው እውነተኛ ባለቤት ሆኖ ስሙ የማያስፈልገው ወይም ገንዘብ የቸገረው ነው። ሁለተኛው ስሞችን እየሰበሰበ ትርፍ የሚጠብቅ ነጋዴ ነው። ሦስተኛው ሰው ሳይሆን መዝጋቢው ድርጅት ራሱ ነው። ለሦስቱም የተሰጠው መሸፈኛ አንድ ዓይነት ነው። ችግረኛውን ለመሸፈን የተሠራው ጋቢ ድርጅቱንም አብሮ ይሸፍናል፤ ገዢውም ከማን ጋር እንደሚጫረት አያውቅም። የመጀመሪያው ተቃውሞዬ ይህ ነው።

ስለ መጀመሪያው ዓይነት ሻጭ ግን በቀላሉ ልፈርድ አልችልም። ምክንያቱም ስሙን መደበቅ ለምን እንደሚያስፈልገው ከአጎቴ ከራሳቸው የተማርሁት ነገር አለ።

እኔ ልጅ ሳለሁ አጎቴ ገና ገበሬ ነበሩ፤ በጎዛምን ውስጥ ያርሱ ነበር። አንድ ዓመት በሐምሌ እህል አለቀ፤ የታመመም ሰው በቤት ነበር። ከጥማዱ በሬ አንዱን መሸጥ ግድ ሆነባቸው። በኛ አገር የእርሻ በሬውን በክረምት የሸጠ ሰው ምን እንደሚባል የጐጃም ልጅ የሆነ ያውቀዋል። «ፈታ» ይባላል፤ ጥማዱን ፈታ ማለት ነው። ወሬው ከተሰማ እህል የሚያበድረው ሰው ይሸሻል፤ ልጃገረድ ያጨ ከሆነ የሙሽራዪቱ ቤተሰብ ያመነታል፤ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን እኩል ልረስልህ የሚለው ደግሞ ዋጋውን ያወርዳል። ስለዚህ አጎቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ ቅርባቸው ሳለ፤ ሌሊት ተነሥተው በሬውን እየነዱ ወደ ሉማሜ ሄዱ። በዚያ ማንም አያውቃቸውም። የከብት ተራ ውስጥ ቆመው ዋጋ ሲጠየቁ «ከየት ነህ?» ለሚላቸው ሁሉ «ከወዲያ ነኝ» ይሉ ነበር አሉ።

ይሁን እንጂ ሊሸጡ አልቻሉም። ገዢው ዋጋውን ከቈረጠ በኋላ «ዋስ ጥራ» አላቸው። በሬው የተሰረቀ ቢሆን፤ ነገ ባለቤቱ መጥቶ ቀንዱን ቢይዘው፤ ገንዘቤን ከማን እጠይቃለሁ ማለቱ ነው። ይህ የገበያችን ያለ ልማድ ነው፤ ከብት የሚሸጥ እንግዳ ሰው በአገሩ የሚታወቅ ዋስ ካላቀረበ አይገዙትም። አጎቴም ሉማሜ የሚኖር አንድ አማታቸውን ፈልገው አመጡ፤ ነገሩን ለእርሱ ብቻ ነገሩት፤ እርሱም ዋስ ሆነ። ገዢው የአጎቴን አገርና ችግር ሳያውቅ በሬውን ነድቶ ሄደ። የመንደራችን ሰው ጥያቄ ሲያነሣ «በሬው ለዘመድ ተውሶ ሄደ» ተባለ። እውነቱን እኛ ራሳችን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሻጭ ምስጢር ከነመድኃኒቱ ይታየኛል። ሻጩ ከገበያተኛው ተደብቋል፤ ከገዢውም ተደብቋል፤ ከአንድ ሰው ግን አልተደበቀም። ያ አንድ ሰው ገዢው የሚያውቀውና የሚይዘው ሰው ነው። ምስጢሩን የያዘውና ዕዳውን የተሸከመው አንድ ሰው ነበር ማለት ነው።

አሁን የኢንተርኔቱን ጨረታ በዚህ ሚዛን እንመዝነው።

ስለ ስሞቹ ባለቤቶች የሚጠየቅበት «ሁኢዝ» የሚባል መዝገብ አለ። ይህ መዝገብ ከኢንተርኔት ልጅነት ጀምሮ ለሁሉ ክፍት ነበር። የፈለገ ሰው የስሙን ያዥ መጠሪያ፤ የቤቱን አድራሻ፤ ስልኩንና ኢሜይሉን አንብቦ ይወስድ ነበር። ይህ ሁኔታ ደግ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። አንዲት ሴት በራሷ ቤት አድራሻ ስም አስመዝግባ ብትጽፍ፤ የሚጠላት ሁሉ በሯን ያውቃል ማለት ነው። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎች መታሰራቸውን የሚያስታውስ ሰው፤ የጸሐፊ አድራሻ በአደባባይ መዝገብ ላይ መዋሉን እንደ ቀላል ነገር አይቈጥረውም። በመሆኑም ገንዘብ እየተከፈላቸው በባለቤቱ ፈንታ የራሳቸውን ስም የሚያስመዘግቡ ድርጅቶች ተነሡ። ምስጢር በዋጋ ተሸጠ፤ መክፈል የማይችለው ግን እንደ ተጋለጠ ቀረ።

ከዚያም የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ በግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የስሞችን ሥርዓት የሚመራው አይካን የተባለው ድርጅት በዚሁ ዕለት የሚጸና ጊዜያዊ ደንብ አወጣ፤ መዝገቡም ተሸፈነ። ይህ ለግለሰብ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። የአውሮፓው ደንብ የሚጠብቀው የሰውን መረጃ ነው፤ የኩባንያን አይደለም። የአይካን ደንብ ግን መዝጋቢዎች ሰውንና ኩባንያን እንዲለዩ አላስገደዳቸውም፤ መለየቱ ሥራ ስለሚያበዛባቸው ብዙዎቹ ሁሉንም ሸፈኑ። በዚህም ሥራዬ ብለው በሺሕ የሚቈጠር ስም የሚያከማቹ ነጋዴዎች፤ ለቤት እመቤትና ለተማሪ የታሰበውን ጥላ ተጠለሉ። ኅብረቱ ራሱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ባወጣው የሳይበር ደኅንነት መመሪያ፤ በአንቀጽ 28 ላይ፤ የኩባንያ መረጃ እንዲገለጥና ሕጋዊ ምክንያት ላለው ጠያቂ መልስ እንዲሰጥ ማዘዙ ስሕተቱን እንዳየው ያሳያል።

ጨረታ ቤቶቹ ታዲያ የዋስን ቦታ ይይዛሉን? ሻጩን ያውቁታል፤ የባንክ ሒሳቡን ይዘዋል፤ ከሽያጩም ድርሻ ይወስዳሉ። ገንዘቡ በአደራ ተይዞ ስሙ ወደ ገዢው እጅ ሲዞር ለሻጩ የሚሰጥበት አሠራርም አለ፤ ይህን ላመሰግን ይገባኛል። ነገር ግን ብዙዎቹ በውላቸው ውስጥ «እኛ መገናኛ ቦታ ብቻ ነን፤ የሽያጩ ተዋዋይ አይደለንም» ብለው ይጽፋሉ። የሉማሜው አማት ምስጢሩን ይዞ፤ ድርሻ ተቀብሎ፤ በሬው የተሰረቀ ሆኖ ሲገኝ «እኔ ገበያው ነኝ እንጂ ዋስ አይደለሁም» ቢል ምን ይባል ነበር?

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 በአሜሪካ «ፒ ቱ ፒ ነጥብ ኮም» የተባለው ስም ተሰረቀ። ባለቤቶቹ ከአንድ ዓመት በፊት በ160 ሺሕ ዶላር የገዙት ነበር። ሌባው ወደ ሒሳባቸው ሰብሮ ገብቶ ስሙን በራሱ እጅ አደረገና ኢቤይ በተባለው የጨረታ ገበያ ላይ ከ110 ሺሕ ዶላር በላይ ሸጠው። የገዛው በሙያው የታወቀ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር፤ የተሰረቀ መሆኑን አያውቅም። ሌባው የተያዘው በ2009 ነው። ሦስት ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ባለቤቱ ስሙን አጥቶ፤ ገዢውም በሰው ንብረት ላይ ገንዘቡን አፍስሶ ቈየ። በደብረ ማርቆስ የከብት ተራ ይህን ያህል ዋጋ ያለው ነገር ያለ ዋስ የሚገዛ ሰው ቢገኝ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር።

በዚያው በ2009 ሌላ ነገር ተገለጠ። ስናፕኔምስ የተባለው የስም ጨረታ ቤት፤ ከራሱ ሹማምንት አንዱ ከ2005 ጀምሮ በሐሰት ስም በጨረታው ውስጥ ሲጫረት እንደ ነበረ አመነ። በዚህም ምክንያት ሌሎች ገዢዎች ከሚገባው በላይ ከፍለዋል፤ ድርጅቱም ልዩነቱን ከነወለዱ ለመመለስ ቃል ገባ። ይህ የሻጭ ሳይሆን የተጫራች መደበቅ ነው ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን መሸፈኛው አንድ ነው፤ ሁሉም በቍጥርና በሐሰት ስም በሚታይበት ቦታ፤ ጨረታ ጠሪው ራሱ ከተጫራቾቹ መካከል ቢቀመጥ ማን ያየዋል?

በልጅነቴ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በየዓመቱ መጨረሻ ባለቤት ያልተገኘለትን ዕቃ በጨረታ ይሸጥ ነበር። እኔም በ20 ብር አንድ ሹራብ ገዛሁ፤ በማግሥቱ አንድ የክፍል ጓደኛዬ የእኔ ነው አለ፤ እናቱ የሰፋችበትንም ምልክት አሳየ። ዳይሬክተሩ ሽያጩን በደብተር ጽፈውት ስለ ነበር ደብተሩን ገለጡና 20 ብሬን መለሱልኝ፤ ሹራቡም ለባለቤቱ ተሰጠ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ግን ይህን ያህል እንኳ በውላቸው አልጻፉም።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ጨረታ ዞር ብንል ፍጹም ተቃራኒውን እናገኛለን። በየጋዜጣው የሚወጣውን የባንኮች የሐራጅ ማስታወቂያ ያላየ የለም። በሰንጠረዥ ተደርድሮ የተበዳሪው ሙሉ ስም፤ የንብረት አስያዡ ስም፤ ቤቱ የሚገኝበት ከተማ፤ ቀበሌና የካርታ ቍጥር ይታተማል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 97 ለባንኮች የተሰጠውን በመያዣ የመሸጥ ሥልጣን የሚወስን ሲሆን፤ ከሽያጩ በፊት ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ያዛል። ይህ ተገቢ ነው። ገዢው ስለ ቤቱ ማወቅ እንዳለበትም አልክድም። ነገር ግን የባለዕዳው ሙሉ ስም ቤት ለመግዛት ላልመጣው ለአገር ሁሉ የሚነበበው ለምንድን ነው? የንብረቱ መለያ ቍጥር ለሕዝብ ቢታተም፤ ስሙ ደግሞ ቀርቦ ለሚጠይቅ ተጫራች በባንኩ ቢሮ ቢገለጥ፤ ጨረታው በምን ይጐድል ነበር? አጎቴ ለአንድ በሬ ሌሊት ተነሥተው ሉማሜ ሄደዋል፤ ቤቱ በጋዜጣ የታወጀበት ሰው ግን የሚሄድበት ሉማሜ የለውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 እንዲህ ያለውን ልማድ እንደገና ለመመርመር ምክንያት ሊሆን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ አንዱ ጨረታ ሀብታሙን ነጋዴ ይሸፍናል፤ ሌላው ጨረታ የወደቀውን ሰው ይገልጣል።

በሁለቱ መካከል የቆመ ሦስተኛ ምሳሌ አለን፤ እርሱም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 550 ተቋቁሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተነሣበት ችግር በትክክል የኛ ጥያቄ ነበር። በፊት የእህል ነጋዴ የሚገዛው ከሚያውቀው ሰው ብቻ ነበር፤ የማያውቀውን አያምንምና። ምርት ገበያው ግን «ሰውየውን ማወቅ አያስፈልግህም፤ እኔን እመን» አለ። እህሉ በመጋዘን ይመዘናል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ ሻጩ የመጋዘን ደረሰኝ ይይዛል፤ ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ በባንክ ያስቀምጣል። ሻጩና ገዢው ሳይተዋወቁ ይሸጣሉ፤ ክብደቱ ቢጐድል ወይም ደረጃው ቢለወጥ ተጠያቂው ገበያው ነው። ይህ እንደ ሉማሜው አማት ያለ ዋስ ነው፤ ምስጢሩንም ዕዳውንም ይሸከማል። በዚህ ረገድ አዲስ አበባ የተሠራው ነገር ባሕር ማዶ ከተሠራው የስም ጨረታ የተሻለ ነው ብል ያገር ፍቅር አሳስቶኝ አይመስለኝም።

ሆኖም ምርት ገበያውም ነቀፌታ አላጣም። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 602 ቡና በዚሁ ገበያ በኩል እንዲሸጥ በተደረገ ጊዜ፤ የአንዱ ገበሬ ቡና ከሌላው ጋር በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ ስለሚቀርብ፤ የውጭ አገር ገዢዎች ቡናው ከየትኛው ገበሬ ወይም ከየትኛው ማጠቢያ እንደ መጣ ለማወቅ አልቻሉም። ለጥሩ ቡና ብልጫ ያለው ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ ያንን በማወቅ ነው። በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዲስ የቡና ግብይት አዋጅ ምንጩ እንዲታወቅ መንገዱ እንደገና ተከፈተ። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጥ ይመስለኛል። ስሙ እንዲታወቅ የሚፈልገውን ገበሬ በግድ መሸፈን ጥበቃ አይደለም። ስሙ የሻጩ ሀብት ነው፤ የመግለጡም የመሸሸጉም ፈቃድ የእርሱ እንጂ የጨረታ ቤቱ ሊሆን አይገባም። በኢንተርኔቱ ጨረታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚወስነው የቤቱ ደንብ ነው።

የሕግ ተማሪ የሆነ አንድ ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ አንብቦ «የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መልስ አለው» ሲል ተቃወመኝ። በእርግጥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቅን ልቡና የገዛን ሰው የሚጠብቅበት፤ ባለቤቱም የተሰረቀበትን የሚጠይቅበት ሥርዓት አለው። ነገር ግን ያ ሥርዓት የተሠራው ግዙፍነት ላላቸው፤ በእጅ ለሚያዙ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ነው። የኢንተርኔት ስም አይጨበጥም፤ በሬ እንደሚያዝ ቀንዱ አይያዝም። ምዝገባው ያለው በውጭ አገር፤ ውሉም በውጭ አገር ሕግ ነው። ስለዚህ አጎቴ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ቀርበው ክስ ልመሥርት ቢሉ ተከሳሹን ማን ብለው ይጽፋሉ? ክስ ስምና አድራሻ ይፈልጋል።

አንድ የቀረ መንገድ አለ። አይካን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ባወጣው የስም ክርክር ደንብ መሠረት፤ የንግድ ምልክት ያለው ሰው በጄኔቫ ላለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አቤት ሊል ይችላል። አቤቱታው ሲቀርብ መዝጋቢው የተደበቀውን ስም ለድርጅቱ ይገልጣል። ስሙን ለባለምልክቱ አትርፎ ለመሸጥ ብሎ መያዝም በዚህ ደንብ የክፉ ልቡና ማስረጃ ነው። ዳሩ ግን ጉዳዩን በአንድ ዳኛ ለማስታየት የሚከፈለው 1,500 ዶላር ነው። አጎቴ ምን ያህል ማር ቢሸጡ ይህን እንደሚከፍሉ አስልቼ ነበር፤ ልነግራቸው አፈርሁ። ከዚህም በላይ የንግድ ምልክታቸውን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አላስመዘገቡም፤ በማያስመዘግብ ሰው እጅ መብቱን ማስረዳት ከባድ ነው። እንግዲህ የሻጩን ስም ማወቅ የሚችለው ገንዘብ ያለው ብቻ ሆነ።

እኔ የምጠይቀው ሁሉ ይገለጥ አይደለም። የቀድሞው ክፍት መዝገብ እንዲመለስ ከሚጮኹት ጋርም አልቆምም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም የከብት ተራ ዕውቀት ናቸው። ጨረታ ቤቱ ሻጩ ሰው ይሁን ነጋዴ ይሁን ወይም ራሱ መዝጋቢው መሆኑን በገጹ ላይ ይጻፍ፤ ይህን መጻፍ የማንንም ችግር አይገልጥም። ጨረታው ከተዘጋ በኋላ ስሙ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡን የሚመልሰው ጨረታ ቤቱ ይሁን፤ ከዚያ እርሱ ሻጩን ያሳድድ፤ ያውቀዋልና። አቤት የሚል ሰው ደግሞ ያለ ብዙ ወጪ የሚሰማበት በር ይኑር። ሻጩ ይደበቅ፤ ዋሱ ግን አይደበቅ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ባስረዳኋቸው ጊዜ ያነሣሁባቸው አንድ ነገር ነበር። «ጋሼ፤ ያን ጊዜ ሉማሜ ላይ ገዢው ከነስምዎ፤ ከነመንደርዎ ንገረኝ ቢል ኖሮ ይነግሩት ነበር?» አልኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና «አልነግረውም። በሬውን ይዤ እመለስ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሻጩን ፈልግ አላሉኝም።

ለጨረታ ቤቱ ግን ደብዳቤ ጻፍሁ። የሻጩን ማንነት ለመግለጥ እንደማይችሉ፤ መልእክት ካለኝ ግን እንደሚያስተላልፉልኝ በትሕትና መለሱ። እኔም ስሙ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በደብረ ማርቆስ በአንድ የማር ሱቅ በር ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ፤ ባለሱቁም በቅንነት ሊነጋገሩ እንደሚፈልጉ ጽፌ ላክሁ። ከ9 ቀን በኋላ መልስ መጣ። ሰላምታም ፊርማም አልነበረበትም፤ 1,900 ዶላር የሚል ብቻ ነበር። አጎቴ የሚቀጥለውን የብልቃጥ ወረቀት ያሳተሙት በስልክ ቍጥራቸው ብቻ ነው፤ በሱቁ በር ላይ ያለውን አሮጌ ጽሑፍ ግን እስካሁን አላስጠፉትም።